የሳይንስ ግጥም ለሕፃናት፤ ከነፋስ ስልክ እስከ ጀበና



ሳይንስ ለሕፃናት በግጥም፣ ያውም በሚያስቅ ግጥም ይነገር ብለን ስንነሣ፣ «ዕውቀትን ቀልድ ልታደርጉት ነው ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ልማዱን ግን ከፈረንጅ አልተዋስነውም። የአገራችን ልጆች ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው «እንቆቅልህ፤ ምን አውቅልህ» ሲባባሉ የኖሩት ስለ እንቁላል፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ጢስ ነው። ያላወቀ አገር ይሰጣል እንጂ አይገረፍም። (በፈተናችንም እንዲህ ቢሆን ኖሮ አገር የሚተርፈን ጥቂቶች በሆንን!)

ሩቅ ሳንሄድ የነፋስ ስልክ ላፍቶን ስም እንውሰድ። ነፋስ ስልክ የተባለው ከሽቦ አልባው የቴሌግራፍ ጣቢያ የተነሣ ነው። መልእክቱ ያለ ሽቦ ከሄደ፣ ነፋስ ወሰደው ማለት ነዋ! ስሙ ውብ ነው፤ ሕፃን ልጅ ግን ነገሩን እንደ ስሙ ቢያምነው አይፈረድበትም። «የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ» ብለን ብናስጽፈው ይሸመድደዋል፤ በማግሥቱ ይረሳዋል። እንዲህ ብንለውስ?

ነፋስ ስልክ ሰፈሬ፣ ስምሽስ ያስቀኛል፤
ነፋስ ወሬ ቢይዝ፣ ላፍቶ ላይ ይተኛል።
ጨረቃ ላይ እንኳ፣ ነፋስ በሌለበት፣
ሬዲዮ ይሰማል፤ ማን ነው የነፋበት?

ልጁ ከሳቀ በኋላ «እውነት፣ ማን ነፋበት?» ማለቱ አይቀርም። መምህሩ መናገር ያለበት ያን ጊዜ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሰዎች ጨረቃን ሲረግጡ በዚያ የሚነፍስ አየር አልነበረም፤ ድምፃቸውን የተሸከመው ሞገድ ግን ባዶውን ሕዋ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እያቋረጠ ምድር ደርሷል።

የምንፈራው ሌላውን ዓይነት ግጥም ነው። ጦጣ ሱሪ ለብሳ ስትጨፍር ትቆይና፣ በመጨረሻው ስንኝ «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብላ ትሰናበታለች። ልጁ የሳቀው በሱሪው ነው፤ የያዘው ቁጥር ደግሞ ለሰፈሩ አይሠራም። ቤት የመታ ስሕተት ዕድሜ ልክ ከአፍ አይወጣም። ስለዚህ ሳቁ ከነገሩ ከራሱ ይምጣ፦

መቶ ሳይሞላለት፣ ጀበናችን ፈላ፤
ቁጥር ጠፋው እንዴ፣ ወይስ አለው መላ?

መላ አለው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ውኃውን አጥብቆ አይጫነውም። ስለዚህ ውኃው በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በዚያው ልክ ባቄላው ለመብሰል ይዘገያል፤ ቶሎ የፈላው ውኃ ሙቀቱ አነስተኛ ነውና። ቶሎ ፈልቶ ዘግይቶ ማብሰል! ከዚህ የበለጠ ቀልድ ከየት ይመጣል? ልጁም እናቱን «እማዬ፣ ባቄላው ለምን ዘገየ?» ሲል ፊዚክስ ጀመረ ማለት ነው።

እንግዲህ ግጥም ያላችሁ ለማኅበሩ ስጡ። አስቀድማችሁ ግን ለአንድ የሰፈር ልጅ አንብቡለት፤ ሳይንሱንም የሚመለከተው መምህር ይይላችሁ። መልሱን በሌላ ወረቀት ጻፉት፤ እኛም እንድንገምት።