ቁርጥ ተቀናሽ ወይስ ዝርዝር ወጪ? የቤት ኪራይ ግብርና የሒሳብ ባለሙያው ድርሻ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ ለአዋቂ ጆሮ ጠባብ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም ቤቱን አከራይቶ የሚተዳደር ሰው ግብሩ ሲሰላ ሕጉ በቁርጥ የወሰነለትን ተቀናሽ ይያዝ ወይስ በእርግጥ ያወጣውን በዝርዝር ያስቀንስ የሚለው ጥያቄ ነው። ሆኖም ውጤቱ በየዓመቱ ከብዙ ቤተሰብ ጓዳ የሚደርስ በመሆኑ ልንንቀው አይገባም።

እንደሚታወቀው በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ስለ ጥገናና ስለ እርጅና ከጠቅላላ ኪራዩ አንድ አምስተኛውን ይቀንስለት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 979 ይህንኑ ተቀናሽ ወደ 50 በመቶ ከፍ አደረገው። መዝገብ ለሚይዘው ደግሞ የመሬት ሊዝ ክፍያ፣ ጥገና፣ የእርጅና ቅናሽ፣ ወለድና የመድን አረቦን በእውነተኛ መጠናቸው እንዲቀነሱ ፈቀደ። ዓመታዊ ገቢው 500,000 ብር የማይሞላ ግለሰብ በዚያ አዋጅ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረበት፣ ምርጫው በእርግጥ የራሱ ነበር።

ነገሩን በአኃዝ ለማየት በፉሪ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶችን በምሳሌነት እናስብ። ሁለቱም በወር 40,000፣ በዓመት 480,000 ብር ይከራያሉ። የመጀመሪያው ባለቤት ከባንክ ተበድሮ፣ የመሬቱ ዋጋ ሳይታሰብ፣ በ3,000,000 ብር የሠራው አዲስ ቤት ነው። መዝገብ ካልያዘ 240,000 ብር ይቀነስለታል። መዝገብ ከያዘ ግን በ2009 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 410 መሠረት የሕንፃው እርጅና በ5 በመቶ 150,000 ብር፣ የብድሩ ወለድ 120,000፣ ጥገናው 18,000፣ መድኑ 12,000፣ በድምሩ 300,000 ብር ይሆናል። የ60,000 ብር ብልጫ አለው ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 979 ከ130,800 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ የተጣለው መጣኔ 35 በመቶ ስለ ነበረ፣ መዝገብ አለመያዙ በዓመት 21,000 ብር ያስከፍለው ነበር።

ሁለተኛው ቤት ግን ከወላጅ የተወረሰ አሮጌ ቤት ነው። ዕዳ የለበትም፤ የዓመቱ ወጪ ሁሉ ቢደመር ከ40,000 ብር አይዘልም። ለዚህ ባለቤት ቁርጡ ተቀናሽ እጅግ ይበልጥበታል። እርሱን መዝገብ ያዝ ብሎ መወትወት ገንዘቡንም ጊዜውንም ማባከን ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው ቁርጥ ተቀናሽ ስጦታም ቅጣትም አለመሆኑን ነው። ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ወጪው አነስተኛ የሆነውን ይጠቅማል፣ ወጪው የበዛውን ይጎዳል። ምርጫውም ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ የሚደረግ አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት ዕዳውን እየከፈለ ወለዱ ወደ 60,000 ብር ሲወርድ ሁለቱ መንገዶች እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በታች ሲሆን ቁርጡ ይሻለዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቁርጥ ተቀናሽ በሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ መጠኑን ወደ እጥፍ ግድም ካሳደገው ወዲህ ከአሥር ግብር ከፋዮች ዘጠኙ ያህል ቁርጡን መርጠዋል። በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖረው ወገናችንም የቤት ብድር ወለዱንና ለቤተ ክርስቲያን የሰጠውን ደምሮ ከቁርጡ ጋር ማመዛዘን ይኖርበታል።

በአገራችን ሕጉ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ዳግም ተሻሽሏል። ከላይ ያቀረብኩት ስሌት የ2008ቱ አዋጅ እንደወጣ በነበረው ይዘት ላይ የተመሠረተ ነው። መጣኔውና ወሰኑ ይለዋወጣል፤ የማይለወጠው ግን ማስረጃ የሌለው ሰው የሚመርጠው ነገር እንደሌለው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወሳል» የተባለው ለሒሳብ ሠራተኛ ከምሳሌያዊ አነጋገር በላይ ነው። ግንበኛው ደረሰኝ ሳይሰጥ የተቀበለው ገንዘብ፣ በእጅ የተከፈለው የቧንቧ ጥገና ዋጋ፣ ምንም እውነት ቢሆን በግብር ሰብሳቢው ፊት እንዳልወጣ ይቆጠራል።

ክቡራን ሆይ፣ የእኛ ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ሐምሌ ላይ ባዶ እጁን ይመጣና «እንደምንም አድርግልኝ» ይላል። ያላየነውን ወጪ በወረቀት ብንፈጥርለት ለእርሱ መቀጫ፣ ለሙያችንም ውርደት እናተርፋለን። ሰኔ 30 የተዘጋው ዓመት ተዘግቷል፤ ይህንኑ በግልጽ እንንገረው። ነገር ግን ሐምሌ 1 አዲስ ዓመት ተከፍቷልና፣ ያለፈውን ግብር ሊከፍል በመጣበት በዚያው ቀን ዕዳውንና የቤቱን ዕድሜ ጠይቀን፣ የሁለቱን መንገዶች ስሌት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጽፈን እናሳየው። መዝገብ የሚበጀው ሆኖ ከተገኘ የደረሰኝ ማኅደሩን ይዞ ከቢሮአችን ይውጣ።