የመኖሪያ ቤት ዕርዳታ፣ የመንግሥት ዕቅድና የእኛ ድርሻ

በፔታሕ ቲክቫ፣ ኪርያት አርዬ ለአዲስ ዖሊም ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር



ከሥራ ውላችሁ፣ ድካማችሁን ችላችሁ ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ። ኪርያት አርዬ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት አካባቢ ነው፤ ብዙ ሰው በባቡር መጥቶ ሠርቶ የሚመለስበት እንጂ የሚያድርበት አይደለም። የዛሬው ጉዳያችን ግን ማታ ስለምንገባበት ቤት ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እዚህ አገር ገቡ። ብዙዎቹ መጀመሪያ በሆቴልና በመርካዝ ቅሊጣ፣ ቀጥሎም ካራቫን በሚባሉት ተንቀሳቃሽ ቤቶች ተቀመጡ። ወደ ቋሚ ቤት እንዲገቡ የቅሊጣ ሚኒስቴር በ1993 ልዩ የማሽካንታ ዕርዳታ አወጣ። ማሽካንታ ለቤት መግዣ የሚሰጥ ብድር ነው፤ በዚያ ዕቅድ ግን አብዛኛው ገንዘብ የመንግሥት ስጦታ ነበር። የታሰበው ቤተሰቦች በተመረጡ ከተሞች ተሠራጭተው እንዲኖሩ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የሚበቃው ዋጋቸው ዝቅ ባሉ ሰፈሮች ላሉ ቤቶች ስለሆነ፣ ዘመድም ከዘመዱ አጠገብ መኖር ስለሚወድ፣ ብዙ ቤተሰብ በጥቂት የቆዩ ሰፈሮች ተሰበሰበ። ቤት ተገኘ፤ የታሰበው መሠራጨት ግን አልተገኘም።

በጥር 2012 ደግሞ በኪርያት ማላኪ ከተማ በአንዳንድ ሕንፃዎች የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውን ለኢትዮጵያ ተወላጆች ላለመሸጥ ተስማምተዋል የሚል ዜና ወጣ። ወጣቶቻችን ሰልፍ ወጡ፤ ሌሎች እስራኤላውያንም አብረዋቸው ቆሙ። በ2015 እና በ2016 መንግሥት «አዲስ መንገድ» የተባለውን ዕቅድ አጸደቀ፤ ልዩ ልዩ ሚኒስቴሮችም ለማኅበረሰባችን የሚሠሩትን ሥራ እንዲያቅዱ ታዘዙ። በዚያው በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚታገል የመንግሥት ማስተባበሪያ ክፍል ተቋቋመ። ክፍሉ አቤቱታ ይቀበላል፤ ስለ ደረሱት አቤቱታዎችም ሪፖርት ያወጣል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወረቀት ለእኛ ምን ይጠቅማል? ትሉኝ ይሆናል። አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ልጅ ሳለሁ በምንኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። አባቴ «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። «ስለ መንገድ ነው» አልሁት። እውነት ነው፤ ስለ መንገድ ነበር። ነገር ግን መንገዱ የሚሰፋው ሽማግሌዎቻችን ከሚቀመጡበት ግቢ ተቆርሶ መሆኑን፣ የሚቃወምም ሰው በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት እንደሚችል የሚናገረውን መሥመር አላነበብሁለትም፤ ቃሉንም አላውቀውም ነበር። ትራክተር ሲመጣ አባቶች ወጥተው አቤት አሉ። ቀኑ አልፏል ተባሉ። አባቴ አልተቆጣኝም። «የአዋቂ ሸክም በልጅ ጫንቃ ላይ የጫንሁ እኔ ነኝ» አለ። በኋላ መምህርነት ተምሬ፣ አስተርጓሚም ሆኜ፣ ያቺን መሥመር አልረሳኋትም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

ሀ) ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ከሚሰጣችሁ ገንዘብ የትኛው ስጦታ፣ የትኛው ብድር ነው? ቤቱን ቀደም ብለን ብንሸጥ ምን ይከተላል? ማመልከቻውስ እስከ መቼ ነው? የዕርዳታው መጠንና ደንብ በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ ጎረቤት ባገኘው አትመኩ፤ መልሱን ከዐሊያና ቅሊጣ ሚኒስቴር በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለ) በሕንፃችሁ ደጃፍ የተለጠፈን ወረቀት ዝም ብላችሁ አትለፉ። በ1965 የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ፣ በሚቀርብ ፕላን ጥቅሙ የሚነካበት ሰው እንዲቃወም ይፈቅዳል። ጊዜው እንደ ደንቡ 60 ቀን ነው። አሮጌ ሕንፃ አፍርሶ አዲስ ስለ መሥራት፣ ማለት ስለ ፒኑይ ቢኑይ የሚያነጋግር ሰው ቤታችሁ ቢመጣም፣ የራሳችሁ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

ሐ) ሪፖርት ጠይቁ። በ1998 በወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ማንኛውም ዜጋ ወይም ነዋሪ ለሰፈራችን የተመደበው ገንዘብ በምን ሥራ ላይ ዋለ ብሎ ሚኒስቴርን ወይም ዒሪያን መጠየቅ ይችላል። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ሕጉ በሚፈቅደው ምክንያት ግን ሊራዘም ይችላል።

መ) በደል ሲደርስባችሁ ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና የሰሙትን ሰዎች ጽፋችሁ ያዙ። መሥሪያ ቤት ቢበድላችሁ ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ማመልከት ትችላላችሁ። ተቆጣጣሪው ከ1971 ጀምሮ የሕዝብ አቤቱታ ሰሚ ነው፤ ክፍያም አይጠየቅበትም።

ሠ) ለመንግሥት ወረቀት ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ የሚያውቀውን ይነግራችኋል፤ ያልገባውን ግን ይዘለዋል። በመሥሪያ ቤት አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ።

ወገኖቼ፣ በአገራችን ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነበር። እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ተብሎ ይጻፍበታል። አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ የለ! በአክብሮት ጠይቁ፤ መልሱ እስኪመጣም ተከታተሉ።

የምትገቡበት ቤት የሰላምና የበረከት ቤት ይሁንላችሁ።