የወደብ ሠራተኛ ሽንት ምን ይናገራል?

በፈረንጆቹ 2002 ከእንግሊዝ ወደ ኢትዮጵያ ይጓዝ የነበረ ኬሚካል ጅቡቲ ወደብ ላይ ከፕላስቲክ መያዣዎቹ ፈሰሰ። እንጨት በምስጥ እንዳይበላ የሚነከርበት፣ ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ ያለበት ውህድ ነው። የወደቡ ሠራተኞች ታመሙ፤ አፈሩም ተበከለ።

እንዲህ ሲሆን ሐኪም ቶሎ የሚፈልገው ሽንት ነው። አርሴኒክ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚወጣ የዘገየ ምርመራ እምብዛም አይረባም። ደግሞ ዓሣ አለ! የባሕር ምግብ ብዙም የማይጎዳ የአርሴኒክ ዓይነት ስላለው፣ ትናንት ማታ የየመን ዓሣ ጥብስ ያጣጣመ የጅቡቲ ሰው ውጤቱ ሐኪሙን ሊያስደነግጥ ይችላል። ለመደበኛ ምርመራ ሁለት ሦስት ቀን ዓሣ መተው ነው። አደጋ ከደረሰ ግን አትጠብቁ፤ የበላችሁትን ተናገሩ፣ ላቦራቶሪ ዓይነቱን ለይቶ መለካት ይችላል።

በሽንት የሚመረመረው ሌላው ብረት፣ ካድሚየም፣ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የሚሰብር ወይም በካድሚየም የተለበጠ ብረት የሚበይድ ሰው በአቧራውና በጭሱ ይስበዋል። ከዚያ ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፤ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ደም በዋናነት የቅርቡን ሲያሳይ፣ ሽንት የዓመታቱን ክምችት ይናገራል። ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን በሽንት ከበዛ ኩላሊት መጎዳት ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው ግን ገና ምንም አላመመውም። ሲጋራም ካድሚየም አለበት፤ ሐኪሙ «ታጨሳለህ ወይ?» ቢል ለወሬ አይደለም።