ጋንጃ ይፈቀድ ከማለታችን በፊት አረቄያችንን እንይ

 

የዛሬውን ርእስ ያነሱት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ናቸው። «አረቄ በየጓሮው እየወጣ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ጋንጃ የያዘ ግን ይታሰራል። ፈረንጆቹ እንኳ ፈቅደው የለ?» ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ ቁጣ መልስ አይሆነውም። ስለዚህ እውነት ያለበትን እውነት፣ የጎደለበትንም ጎደሎ እንበለው።

መፈቀዱ እውነት ነው። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ካናዳ በ2018፣ ጀርመን በ2024 ካናቢስን፣ ማለትም ጋንጃን፣ ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። በአፍሪካም የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2018 አዋቂ ሰው በግል ቦታው ቢጠቀም ወንጀል አይደለም ብሎ ወስኗል። ታይላንድ ደግሞ በ2022 ከፈታችው በኋላ በ2025 መልሳ አጥብቃዋለች፤ አሁን በሐኪም ማዘዣ ነው። ዓለም ገና እየተከራከረ ነው ማለት ነው።

አልኮል ይብሳል የሚለውም ከባዶ አልመጣም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴቪድ ነት ከባልደረቦቻቸው ጋር 20 አደንዛዥና አነቃቂ ነገሮችን በተጠቃሚውና በሌላው ሰው ላይ በሚያደርሱት ጉዳት መዝነው፣ ከ100 ለአልኮል 72፣ ለካናቢስ 20 ሰጥተዋል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አልኮል እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ አስታውቋል። ታዲያ አልኮልን በዚያ ሚዛን አንደኛ ያደረገው መርዛማነቱ ብቻ አይደለም። በሁሉም ቤት መገኘቱ፣ ሁሉም መጠጣቱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ መፈቀዱ ራሱ የጉዳቱ አንድ ክፍል ነው። ካናቢስ በየሱቁ ቢደረደር ያ 20 ባለበት የሚቆይ አይመስለኝም።

ካናቢስም «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚባል ነገር አይደለም። ገና ባልጠና አእምሮ ላይ ይበረታል። በ15 እና በ16 ዓመቱ የጀመረ ልጅ በትምህርቱ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ሱሰኛ የመሆን ዕድሉም ካደገ በኋላ ከጀመረው ይበልጣል። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ድምፅ ወደ መስማትና ሰው ሁሉ ያሳድደኛል ወደ ማለት ሊገባ ይችላል። አጭሶ ባጃጅ የያዘ አሽከርካሪ ፍሬኑን የሚረግጠው ዘግይቶ ነው፤ መጠጥ ከተጨመረበት ይብስበታል።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ያመረተንና የነገደን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። አንዳንዱ «ሻሸመኔ ላይ ተፈቅዷል» ይላል። አልተፈቀደም። ንጉሡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከባሕር ማዶ ለመጡ ጥቁር ወገኖቻችን እዚያ መሬት ሰጥተዋል፤ ራስ ተፈሪያንም ቅጠሉን ለእምነታቸው ይጠቀሙበታል፤ ሕጉ ግን ለሻሸመኔ የተለየ አንቀጽ የለውም።

አሁን ወደ ጓሯችን እንመለስ። ዳጉሳው ወይም በቆሎው ከብቅልና ከጌሾ ጋር ተደፍድፎ፣ እሳት ላይ ተጥዶ፣ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል አረቄ ይሆናል። ድጋሚ ሲወጣ 40 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ትንሽ መለኪያ እንዲህ ያለ አረቄ ስትሞላ ውስጧ ወደ 16 ግራም ንጹሕ አልኮል አለ። አንድ ጠርሙስ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ያለው 13 ግራም ነው። ጠዋት «ለማሟሟቂያ» ሁለት፣ «ለአንጎበር» አንድ ብሎ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ ከሦስት ቢራ በላይ ጠጥቷል ማለት ነው። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ማሽን ፊት ይቆማል፤ ወይም መሪ ይይዛል።

ይህን ስል አረቄ አውጪ እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ስንት ልጅ በዚያ ገንዘብ ተምሯል! የጠላውንም ወግ፣ ማኅበሩንና ደቦውን ማንም አይነካም። የምለው ሌላ ነው። ካናዳ ፈቀደች ስንል የፈቀደችበትን መንገድ አብረን እንይ፦ እሽጉ ላይ መጠኑና ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፣ የገዢው ዕድሜ ይጠየቃል፣ ሻጩ ፈቃድ አለው። የእኛ አረቄ መጠኑ የት ተጽፏል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥም ከልክሏል። እኛ ግን የ10 ዓመት ልጅ ጠርሙስ አስይዘን «ሂድ፣ አስቀድተህ ና» እንላለን። በተፈቀደው ላይ ልጓም ማስገባት ያቃተን ሰዎች ሁለተኛ ብንጨምር ማን ይይዘዋል?

ስለዚህ ለወጣቶቹ መልሴ ይህ ነው፦ «አረቄ ይብሳል» ማለታችሁ ልክ ነው፤ ከዚያ የሚከተለው ግን አረቄውን እንያዝ ማለት እንጂ ጋንጃውን እንልቀቅ ማለት አይደለም። በእስራት ብቻ ሱስ እንደማይድን ግን እቀበላችኋለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ የምናደርገውን ልናገር። ልጅ ወደ መጠጥ ቤት አንላክ። የምትሸጡ፣ ለጋ ልጅ ሲመጣ «የለም» በሉ። ነፍሰ ጡር ጠላም ይሁን አረቄ አትቅመስ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ዘመድ ካላችሁ በአንድ ቀን አስጥላለሁ ብላችሁ ቤት አትዝጉበት፤ በድንገት ማቆም መንቀጥቀጥና መጣል ያመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ኑ። ጋንጃ የጀመረ ልጅ ያላችሁም ከሰው ዓይን ብላችሁ አትደብቁት፤ ቶሎ የመጣ ቶሎ ይረዳል።

 በዚህ የማይስማማ ካለ፣ በተለይ ከወጣቶቹ፣ ማይኩ ይኸው፤ እንከራከር።