በክረምት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ

በነሐሴ ዝናብ ከላሊበላ ተነሥቶ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ በጥዱ ደን መካከል ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ተሳላሚ፣ ከዋሻው አፍ ደርሶ የራሰ ጋቢውን ጨምቆ ቀና ሲል፣ ካህንም ንጉሥም የነበረው ጻድቁ ይምርሐነ ክርስቶስ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያነጸውን፣ በነጭ ልስን የተሸፈነ ድንጋይና የጠቆረ እንጨት እየተፈራረቁ የተነባበሩበትን ቤተ መቅደስ፣ የዝናብ ጠብታ ሳይነካው ቆሞ ያየዋል። ከሥሩ ባሕር አለ ይላሉ አበው፤ ባሕር ለራቀው የላስታ ደጋ ይህ ትውፊት እንዴት ያምርበታል! በቅርጽና በቀለም ያጌጠው የእንጨት ጣራ ግን ዓይን ጨለማውን ሳይለምድ አይገለጥምና፣ የምትሄዱ ሁሉ አትቸኩሉ፤ ካህናቱ ሳይፈቅዱም መብራት አታብሩ።