የሥራ ላይ ጉዳት ካሣና የግንባታ ባለሙያው ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ሕንፃ ተሠርቶ ሲመረቅ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ወጪውና ስለ ውበቱ ብዙ ይነገራል። ሲሠራ ሳለ ከመወጣጫው ላይ ስለ ወደቀው አናጢ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ካሣውን የሚያገኝበትን መንገድ ማመልከት፣ በዚያም መንገድ ላይ መሐንዲሱ፣ ፎርማኑና የአስተዳደር ሠራተኛው ያላቸውን ድርሻ መግለጽ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ አናጢ ይታሰብ። የጽሑፍ ውል የለውም፤ ደመወዙን የሚቀበለው ከካቦው እጅ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲሠራ የባሕር ዛፉ መወጣጫ ይከዳውና ይወድቃል። ጓደኞቹ አንሥተው ወደ ወጌሻ ይወስዱታል። ካቦው ጥቂት ብር ያስጨብጠውና «አይዞህ፣ ሲሻልህ ትመለሳለህ» ይለዋል። ሁለት ወር አልፎ ክንዱ እንደማይታጠፍ በታወቀ ጊዜ ካቦው ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል፤ ከወጌሻው የተገኘ የሕክምና ማስረጃ የለም፤ በቢሮው መዝገብም ስለ አደጋው አንድ መሥመር አልሠፈረም። ይህ ሰው የቸገረው የሕግ እጦት ሳይሆን የማስረጃ እጦት ነው።

ሕጉስ አለ። በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. በተከታታይ የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጆች አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ይዘው ዘልቀዋል፤ ይኸውም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ መሆኑ ነው። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በልዩ ሁኔታ ካልተደነገገ በቀር የተለየ ፎርም እንደማያስፈልገው ይደነግጋል። ስለዚህ አናጢው ወረቀት ስላልያዘ ብቻ «ሠራተኛችን አይደለም» ሊባል አይገባውም። አሠሪው ባቀረበው የሠራተኛ ማመላለሻ መኪና ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የሚደርስ አደጋም እንደ ሥራ ላይ አደጋ ይቈጠራል።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ ነው። አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም አካሉንና አእምሮውን ለመቈጣጠር እስኪሳነው ሰክሮ ሥራ መግባት እንደዚሁ ይታያል። እዚህ ላይ የባለሙያው ብዕር ከባድ ሸክም ይሸከማል። በአደጋ ሪፖርት ላይ «መመሪያ ጥሶ ወደቀ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ነገር ግን መመሪያው በእርግጥ ተሰጥቶ ነበርን? ቀበቶውና የራስ ቆቡ ታድለው ነበርን? መወጣጫውን የመረመረ ነበርን? እነዚህ ሳይጠየቁ የተጻፈች አንዲት ዐረፍተ ነገር የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ልትዘጋ ትችላለች።

የሚገባውም ክፍያ በግምት የሚሰጥ ምጽዋት አይደለም። የሕክምና፣ የመድኃኒትና የሰው ሠራሽ አካል ወጪ አለ። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ሲሳነው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንሰውን ያገኛል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢተኛ ድምሩ ከ49,500 ብር አያንስም። ክፍያው የሚቋረጠው ሲድን፣ ዘላቂ ጉዳቱ ሲወሰን ወይም ዓመቱ ሲሞላ፣ ከሦስቱ በቀደመው ነው። የዘላቂ ጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። በጡረታ ሕግ ያልታቀፈ ሠራተኛ ፈጽሞ መሥራት የማይችል ከሆነ የ5 ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ ይታሰብለታል። የዚያው ሰው ጉዳት 20 በመቶ ቢሆን ካሣው 72,000 ብር ይሆናል። ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ደግሞ በሌላ ሕግ ተጨማሪ ካሣ ለመጠየቅ መብቱ አይነካም።

አሠሪው እምቢ ሲል ጉዳዩ የሥራ ክርክር ችሎት ወዳለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ይሁን እንጂ ይርጋ አለ፤ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይታገዳል። «ሲሻልህ ትመለሳለህ» የሚለው የካቦው ማጽናኛ አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ የተስፋው ቃል ሲራዘም ዓመቱ ያልቃል።

እንግዲህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያ እርዳታ አሰጥቶ ተጎጂውን በአቅራቢያው ወዳለ የሕክምና ድርጅት መላክ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያዩትን ሰዎች ስም በዚያው ዕለት መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪ ማሳወቅ፤ የመዝገቡን ግልባጭ ለሠራተኛው መስጠት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ያቺ አንዲት ገጽ ለአናጢው ምስክሩ፣ ለልጆቹም ስንቃቸው ናት።

ይህንንም ማድረግ አሠሪን መክዳት አይደለም። እውነተኛ መዝገብ ያለው ድርጅት ከሐሰተኛ ክስም ይጠበቃል፤ የትኛው መወጣጫ ለምን እንደ ወደቀም ያውቃል፤ ሁለተኛው ሰው ሳይወድቅም ያርመዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ሕንፃው በተመረቀ ዕለት የመሐንዲሱ ስም በክብር ይጠራል። በዚያ ሕንፃ ላይ ክንዱን ያጣው ሰው ስም ደግሞ ቢያንስ በአደጋው መዝገብ ላይ በትክክል ተጽፎ ይገኝ ዘንድ ይገባል።