ምናባዊ ዓለምን በገዛ ኮምፒዩተር ማስተዳደር



እ.ኤ.አ. በ2003 ሰኮንድ ላይፍ የተባለው ምናባዊ ዓለም ሲከፈት፣ ብዙዎች በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ቤትና ከተማ መሥራት ጀመሩ። ሥራቸው የሚቆየው ግን አገልግሎቱ እስከቀጠለ ድረስ ብቻ ነው። በ2007 የተጀመረው ኦፕንሲሙሌተር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ዓይነት ዓለም በገዛ ኮምፒዩተራችን ለመትከል አስችሎናል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ፕሮግራም ይይዛል፤ ሁለተኛው የተጠቃሚዎችንና የንብረትን መዝገብ ለተለየ ሰርቨር ሰጥቶ በርካታ ክልሎችን ያገናኛል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይበቃል። የመደበኛው ክልል ስፋት 256 በ256 ሜትር ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በተለመደው አወቃቀሩ በ9000 ቁጥር ፖርት ይሠራል። አድራሻው 127.0.0.1 ከሆነ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ሰው ብቻ ይገባበታል፤ ባልደረቦችም እንዲገቡ ከተፈለገ የኮምፒዩተሩ የውስጥ ኔትወርክ አድራሻ መመዝገብ አለበት።

ከተከላው ይልቅ የሚያሳስበው ጥበቃው ነው። ኦኤአር የተባለው ፋይል የክልሉን መሬትና ሕንፃ ያስቀምጣል፤ የተጠቃሚውን የግል ዕቃ ግን አይጨምርም። ለዚህ አይኤአር የተባለው ሌላ ፋይል ያስፈልጋል። እንግዲህ የሁለቱንም ቅጂ በሌላ ዲስክ እናኑር፤ በሌላ ኮምፒዩተርም ከፍተን እንፈትን። ድርጅት ቢዘጋ የምንወቅሰው አናጣም፤ የገዛ ዲስካችን ሲበላሽ ግን ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።